ጋሼ አጭር ጥያቄ

የሰፈሩ ሰው ፀጉር አስተካካዩን በስማቸው መጥራት ከተወ ቆይቷል። «ጋሼ አጭር ጥያቄ» ነው የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውይይት ይካሄዳል፤ አንዱ ስለ ሥዕል፣ ሌላው ስለ ሙዚቃ፣ ሌላው ስለ ፍልስፍና ያጠናውን ያቀርባል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ወንበሩ ግን ወገብ ይቆርጣል። አቅራቢው ጨርሶ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው እጅ የታወቀ ነው። «አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ» ይሉና ይነሳሉ፣ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ይጀምራል። አንዳንዱ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ጥያቄው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ስለ ቲያትር የተወራ ዕለት ከወጣትነታቸው ተነስተው፣ በወንድማቸው ሠርግ አልፈው፣ የሰፈሩ ውሃ መጥፋት ላይ ደረሱና «አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ። ጥያቄው የት እንደወደቀ እስካሁን የሚያውቅ የለም። የውይይቱ አስተባባሪ በእሳቸው ምክንያት ትንሽ ደወል ገዛ። ደወሉ ሲጮኽ «እየጨረስኩ ነው» ይሉና ይቀጥላሉ።

ክፉ ሆነው አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት አንገቱ በፎጣ ከታሰረ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ከተደገነበት ሰው ጋር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ቅዳሜ የሰሙትን ሰኞ ለደንበኛው ሁሉ ያስተምራሉ። አቅራቢው ያላለውንም ትንሽ ጣል ያደርጉበታል፣ ለጣዕም።

ሴት ልጃቸው በማን እንደወጣች እንጃ፣ ዝምተኛ ናት። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች እጇን ይዘው ወደዚያ አዳራሽ የወሰዷት እሳቸው ናቸው። እሷም በዚያው ልቧ ተሰረቀ፤ ስለ ሥነ ጥበብ ተምራ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች። ዘንድሮ አስተባባሪው ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ «አንድ ቅዳሜ አንቺ አቅርቢና እንይሽ» ተባለች። ከተሳካላት የቅዳሜው ውይይት የእሷ ነው። ርዕሷ «ሠዓሊዎች ሰው የሌለበትን ክፍል ለምን ይስላሉ?» የሚል ነበር። ለወራት ስታነብና ስትጽፍ ከረመች።

ሁሉም ነገር ሲደርስ፣ ዓርብ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት መጣች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነበር።»

«ምን ችግር አለው፣ ጠይቂ።»

«ነገ ና። ግን እጅህን እንዳታወጣ።»

ጋሼ የሚያጸዱትን መቀስ አስቀመጡ። «ለምን? አሳፍርሻለሁ?»

«ሰው ይስቃል፣ አባዬ። በአንተ ሲስቁ እያየሁ መቆም አልችልም።»

ከፋቸው። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ከፋቸው። ግን የወለዱት ልጅ ናትና «እሺ፣ አፌን ለጉሜ እቀመጣለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያንተ አፍ ግን አንድ ቀን ሥራ ከፈታ መንቀዙ ነው» አለቻቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጋሼ የለመዱትን የፊት ወንበር ትተው ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡ። ልጅቱ ማንበብ ጀመረች። ድምጿ ጥሩ ነው፣ ጽሑፏም የተለፋበት ነው፤ ችግሩ ቃላቱ ነበሩ። «የባዶ ሥፍራ ውክልና» አለች፤ «የተመልካቹ ኅሊናዊ ርቀት» አለች። ሰው አንዱን ከባድ ቃል ሳይውጥ ሌላው ይደርስበታል። ማስታወሻ ስትይዝ የነበረችው ጡረተኛ አስተማሪ ብዕሯን ከደነች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንቅልፍ ወሰደው።

ጨረሰች፤ ተጨበጨበ። አስተባባሪው «ጥያቄ ያለው?» አለ።

ማንም ትንፍሽ አላለም። ምንም ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ጥያቄ ያልተነሳለት አቅራቢ ድግስ ደግሶ ሰው እንደቀረበት ነው። ቀስ በቀስ አንገቶች ወደ ኋላ፣ ወደ ጋሼ መዞር ጀመሩ። ስንት ዓመት ሲሸሿቸው የኖሩ ሰዎች ያን ቀን በዓይናቸው ለመኗቸው። ልጅቱ ብቻ አላየቻቸውም። ከንፈሯን ነክሳ ወረቀቷን ታስተካክላለች፣ የተስተካከለውን ደግማ ታስተካክላለች።

ጋሼ ተጨነቁ። ቢነሱ ቃላቸውን ማጠፋቸው ነው፤ ባይነሱ ልጃቸው እዚያው ተገትራ ልትቀር ነው። ደግሞስ ምን ይጠይቃሉ? ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአንዱ ሠርግ ጀምረው ያንዛዙት ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ ይረዝም የነበረው ነገሩ ባልገባቸው መጠን ነው። እሱን ለመሸፈን ነበር። በልጃቸው ላይ ግን ይህን ማድረግ አስጠላቸው።

ተነሱ።

«አልገባኝም» አሉ።

አስተባባሪው ከልማዱ የተነሳ ደወሉን አንስቶ ነበር፤ የሚደውልበት ነገር አጣ። ልጅቱ ቀና አለች።

«የቱ ጋ ነው ያልገባህ፣ አባዬ?»

«እውነቱን ልንገርሽ?» በሰው ፊት እንዲህ ብለው አያውቁም። «ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ይሄኔ ጡረተኛዋ አስተማሪ እጇን አወጣች። «እኔም አልገባኝም» አለች። «እኔም» አለ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ዓይኑን እያሻሸ። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም እጅ ወጣ።

ልጅቱ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ተወችና ከመድረኩ ወረደች። ትንሽ አሰበች።

«የእኛን ቤት ሳሎን ልንገራችሁ» አለች። «ጠዋት አባቴ ወደ ሥራ ሲሄድ ማንም አይኖርበትም። ሬዲዮኑ አቧራ ለብሷል፤ እሱ ባለበት ማን ሬዲዮ ይሰማል? የእሱ ወንበር መሐሉ ጎድጉዷል። የሌሎቻችን ወንበሮች ሁሉ ደግሞ ፊታቸውን ወደ እሱ ወንበር አዙረዋል። እኛን የማያውቅ እንግዳ ቢገባ፣ ሰው ሳያይ፣ እዚህ ቤት ሁሉም የሚሰማው ሰው አለ ይላል። ሠዓሊው የሚስለው ይህንን ነው።»

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ሥር ተመለከተች።

«አሁን ገባህ፣ አባዬ?»

ጋሼ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። አንድም ቃል አልወጣቸውም፤ ራሳቸውን ብቻ በአዎንታ ነቀነቁ።