ጠመዣችንን የመረጡ ወፎች

ወፍ ያገኘውን እህል ሁሉ ይለቅማል የሚል ሰው ማሳ ዳር ውሎ አያውቅም። እኔ ግን ውዬበታለሁ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከባሌ ተፋትቼ መንዝ አባቴ ቤት የተመለስኩ ጊዜ፣ ሥራዬ ወፍ መጠበቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ጎረቤቶቻችን ሁሉ የግብርና ባለሙያው ያመጣላቸውን ምርጥ ዘር ዘሩ፤ ጢሙ ሹል፣ ቅርፊቱ የጠበቀ ገብስ። አባቴ ግን ከእናታቸው የወረሱትን ጠመዥ አልለቅም አሉ። ጠመዥ በእጅ ሲያሹት ቅርፊቱን የሚለቅ፣ ለቆሎና ለበሶ የሚሆን ገብስ ነው። በአካባቢያችን ከእኛ በቀር ያለው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ጎተራ ውስጥ አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ ዘሩት። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ወፎቹ የጎረቤቱን ማሳ አልፈው እኛው ላይ ይሰፍራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍ እያጮህኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እየጮህኩ ሰብሉን አቆየሁት። የአቦ ለት ግን ወንጭፉን ሳነሳ አባቴ ተቀበሉኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ከተውናቸው ምንም አይተርፍም» አልኳቸው።

«በበዓል ሠርተን በረዶ ቢወርድ ያገሩን እህል ማን ይመልሳል? ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ወፏ ዛላው ላይ ታርፍና ፍሬውን በመንቁሯ ጫን ታደርገዋለች። የጠነከረውን ትተወዋለች፣ ባዶውን ትጥለዋለች። ወተት የያዘውን ስታገኝ ቅርፊቱን በአፏ ዳር ገፍፋ ትውጠዋለች። አንዷ ወፍ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄዳ ጢሙ ሲወጋት ወዲያው ተመለሰች። ጠላኋቸው። አጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያዩትን አባቴንም ጠላኋቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሁሉ ማሳ ለዘር የሚሆን ሁለት እፍኝ ቀረን። ሞላሌ ገበያ ድረስ ሄጄ ጠመዥ ብጠይቅ የለም አሉኝ። አባቴ ሁለቱን እፍኝ በጨርቅ ቋጥረው ምሰሶው ላይ አንጠለጠሉት።

«ይሄ ካለ አልጠፋም» አሉ።

ታኅሣሥ ላይ ታመሙ። ከገበያ የገዛሁትን ገብስ በሶ አድርጌ ብሰጣቸው ይተፉታል። ሰባት ቀን እህል ባፋቸው አልዞረም። አባቴ እየሞቱ ዘር ምን ያደርግልኛል አልኩና ቋጠሮውን አወረድኩ። ግማሹን ማስቀረት እችል ነበር፤ ነገም ይጠጡልኛል ብዬ ሁሉንም ቆላሁት፣ ፈጨሁት፣ በጠበጥኩት።

አንድ ጊዜ ተጎነጩና መጠጣቱን አቆሙ። ምላሳቸው አወቀው። ቀና ብለው ምሰሶውን አዩ።

«ልጄ፣ ለከርሞ ምን ልትዘሪ ነው?»

ዋንጫውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት፤ እስኪሞቱም አልደገሙትም። መድፋት አቃተኝና እዚያው አልጋቸው ሥር ተቀምጬ፣ እያለቀስኩ ጨርሼ ጠጣሁት። ይጣፍጥ ነበር።