የሃያ አምስት ዓመት መንጋጋ

ካርቱም ስገባ ፓስፖርቴ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው ይል ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ነበርኩ፤ እሱም ቢሆን እናቴ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያመሳከረች የነገረችኝ ግምት ነው። ወሎ እያለሁ ዕድሜዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደላላው ግን መተማ ላይ ፓስፖርቱን ሲያስጨብጠኝ፣ «ከእንግዲህ ሃያ አምስት ነሽ። ልጅ መሆንሽን አሠሪዎችሽ ካወቁ በመጣሽበት መኪና ይመልሱሻል» አለኝ። እናቴና ሦስት ታናናሾቼ የኔን እጅ ይጠብቁ ስለነበር ቃሉን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም።

ሃያ አምስት ዓመት መሆን፣ ላልደረሰበት ሰው፣ አድካሚ ሥራ ነው። ቡሪ በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ከአጎቷ ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት እፈትጋለሁ። እኩያዬ ናት። ዝላይዋን ግን በሆዴ እቆጥር ነበር፤ ስትሳሳት ደስ ይለኛል። ምቀኛ ነበርኩ፣ አልክድም።

ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ሲሰጠኝ ሳጃና ሰፈር፣ የአገሬ ሴቶች ወደሚሰበሰቡበት ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ባል ነው። ሃያ አምስት የሞላት የወሎ ሴት ባል አላየሁም ብትል ማን ያምናታል? ስለዚህ ባል ፈጠርኩ። ቀናተኛ አደረግሁትና ፈታሁት። ሴቶቹ «እሰይ፣ እንኳን ተገላገልሽ!» ብለው መረቁኝ፤ አንደኛዋማ አቅፋኝ አለቀሰችልኝ። የምታለቅስላት ሴት ግን እኔ አልነበርኩም። ከዚያ ቤት ስወጣ ከገባሁበት ጊዜ ይበልጥ ብቸኛ እሆን ነበር።

በስምንተኛው ወር የግራ ጉንጬ አበጠ። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ በጨው ውኃ ተጉመጠመጥኩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። በሦስተኛው ቀን አፌ አልከፈት አለ። ማዳም ልጇን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምትወስድበት ቀን ነበርና፣ «ያላ፣ አንቺም ነይ» አለችኝ።

ሐኪሙ ሽበታም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሱዳናዊ ነበሩ። ልጅቷ ጥርሷን ለማስተካከል ሽቦ ሊታሰርላት ነው። ድድ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች የት እንዳሉ ሳያዩ እንደማያስሩላት ነግረዋት መንጋጋዋን ሙሉ ራጅ አነሷትና ፊልሙን መብራት ያለው ሰሌዳ ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። አፌ ውስጥ አንድ ጣት እንኳ አልገባ አላቸው። «ለኔ የሚታየኝ የጥርሱ ላይኛው ክፍል ብቻ ነው። መግሉ ከየት እንደተነሳ ሥሩን ካላየሁ አላውቅም» አሉ። ለአንድ ጥርስ የምትበቃው ትንሿ ፊልም አፍ ውስጥ ገብታ የምትነከስ ናት። ስለዚህ እኔም ራስ ዙሪያውን በሚዞረው ትልቁ መሣሪያ እንድነሳ ተወሰነ። ረዳታቸው ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ካባ ትከሻዬ ላይ እየጫነች፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ?» አለችኝ። ባል የፈጠርኩ ሰው ለዚህኛው መልስ አላዘጋጀሁም። ማዳም «ላ፣ ላ! አይደለችም» ብላ መለሰችልኝ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ሐኪሙ ከልጅቷ ፊልም ጎን ሰቀሉት። የታመመው ጥርስ ሥር ሽምብራ የሚያህል ጥቁር ነገር አሳዩን። ከዚያ ጣታቸው ወደ ኋላ ሄዶ መንጋጋዬ መጨረሻ ላይ ቆመ። ወደ ልጅቷ ፊልም ተሻገረ። ተመልሶ ወደኔ መጣ።

«ዑምሪክ ከም?» አሉኝ፤ ዕድሜሽ ስንት ነው ማለታቸው ነው።

«ሃያ አምስት፣ ያ ዶክቶር።»

«የሃያ አምስት ዓመት ሰው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሱ ሥሩን አውጥቶ ጨርሷል። ያንቺ ገና አልጀመረም። ከዚህች ልጅ ጋር አንድ ነው።»

መተማ ታየኝ፤ እናቴ ታየችኝ። ወላሂ ብዬ ልምል ስል ሐኪሙ ወደ ማዳም ዞረው፣ «ይህቺ እኮ ልጅ ናት» አሏት።

ማዳም ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፏን እየፈለገች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ዓርፋ» አለች። አውቃለሁ ማለት ነው። «ከመጣች ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እባክህ ዶክቶር፣ ቶሎ ጨርስላት፤ ነገ እንግዶች አሉብኝ።»

ልጅቷ ሁለቱን ፊልሞች አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አልባረርም ማለት ነው። ግን እፎይታው አልመጣም። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ስደበቃት እሷ ስታየኝ ኖራለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ሳላውቀው፣ ልጅ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያዝንልኛል የሚል ተስፋ ሆዴ ውስጥ ነበረኝ። ካርቱም በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ቀን ከፍቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሐኪሙ መግሉን ሊያፈሱልኝ ወንበራቸውን አስጠጉ። እንባዬ ያበጠው ጉንጬ ላይ ሲወርድ አዩና፣ «ያምሻል?» አሉኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። እጃቸው ገና አልነካኝም ነበር።