በሐይቁ በኩል የሚዞረው ባጃጅ

ባለቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመሃል ከተማ ወደ ቤት ስንመለስ በቀጥታው መንገድ ወስዶኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ በመስመር ባጃጅ ተጋፍቶ ሲሄድ እሱ ኮንትራት ይይዝና ሾፌሩን «በሐይቁ በኩል አዙረን» ይለዋል። እኔ ሞኟ ደግሞ ንፋሱ ሻርፔን ሲያርገበግበው፣ ይሄ ሰው ምን ያህል ቢወደኝ ነው እያልኩ ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ለእህቶቼም ጉራዬን ነዝቻለሁ።

እውነቱ የወጣው ባንክ ቤት ነው። ቤት ልንገዛ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል። ከጉሮሯችን ነጥቀን ካጠራቀምነው ላይ ለአንዲት ባልቴት ቀብድ ሰጠንና የቀረውን ባንክ እንዲያበድረን አመለከትን። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነው። እኔ ገና በሩን ሳልፍ የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበትን መስኮት መርጬ ነበር። እሱ ግን «ሰፈሩ አቧራ ይበዛዋል» እያለ ያጉረመርማል። ሀዋሳ ውስጥ አቧራ የሌለበት ሰፈር አሳየኝ ብዬ አፉን አስያዝኩት።

የባንኳ ልጅ ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በባለቤትዎ ስም የተበላሸ ብድር ይታያል» አለችኝ። የተበላሸ! ልክ እንደ ሰነበተ ወጥ። ስም ተመሳስሎባችሁ ነው ብዬ ልቆጣ ወደ ባለቤቴ ስዞር ጫማውን ያያል። ክው አልኩ።

«እሱ ካልተዘጋ ማመልከቻው አያልፍም» አለች ልጅቷ። «በእርስዎ ስም ብቻ ይሁን ቢሉም የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል።»

በረንዳው ላይ አቁሜ አፋጠጥኩት። ከመጋባታችን በፊት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ፣ ለብየዳ ሥራ ከአንድ የብድር ተቋም ገንዘብ ወስደው ነበር። ሥራው ሲፈርስ እሱ ድርሻውን ከፈለና ተገላገልኩ አለ። በቡድን ብድር ግን የመጨረሻው ሰው ሳይከፍል ማንም ነፃ አይወጣም። ሁለቱ ከከተማው ጠፉ፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣበት እሱም ስልክ ቁጥሩን ቀየረ።

«ድርሻዬን ከፍያለሁ እኮ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«አፈርኩ።» ከዚያ «የብድር ቢሮው ቀጥታው መንገድ ላይ ነው» ብሎ ጨመረ።

ሐይቁም፣ ንፋሱም፣ ኮንትራቱም ባንድ ጊዜ ገቡኝ። ብድሩንስ ይቅር ማለት እችል ነበር፤ ያ መንገድ ግን የእኔ ነበር። አቧራ ይበዛዋል ያለው ቤትም ለካ ከቢሮው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን በኩርፊያ ቤት እንደማይገዛ ገባኝና «ተነስ፣ ልበስ» አልኩት።

መጀመሪያ ባልቴቷ ጋ ሄድን። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡን» ብዬ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ሌላ ገዢ እየደወለልኝ ነው ልጄ» አሉኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱም ቀብዱም የለም።»

ቁርጡን ስለነገሩኝ አልተቀየምኳቸውም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ብድር ቢሮው ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ቆመ። «አንቺ ግቢና ጠይቂልኝ» አለኝ።

«እኔ አልተበደርኩም። አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»

ገባ። ስሙን እስከ አያቱ ተናግሮ «ልከፍል ነው የመጣሁት» አለ። ውርጅብኝ ስንጠብቅ የቢሮው ሠራተኛ «ስንት ጊዜ ፈለግንህ! በል ተቀመጥ» ብቻ አለው። የቀረው ዕዳ ከነወለዱ ሲሰላ የአንድ ዓመት የቤት ኪራያችንን ያህል ሆነ።

አልጋና ቁም ሣጥን ልገዛበት ያሰብኩት እቁብ እዚያ ገባ። እሱም እሑድን ሳይቀር ሠራ፤ ከተማ ውስጥ የቀረውን አንዱን የድሮ ጓደኛውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ለምኖ ጥቂት አመጣ። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን እንጂ ቤቱን አልለቅም ብዬ ነበር፤ እንዳልኩትም ሆነ። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ክሊራንሱን፣ ከዕዳ ነፃ ነው የሚለውን ደብዳቤ፣ ሰጡት። ከደስታው ብዛት ላሚኔት ሊያስደርገው ሲሮጥ ነው ከመንገድ የመለስኩት፤ ባንኩ የሚፈልገው በላስቲክ ያልተሸፈነውን ዋናውን ማኅተም ነው። ባንኩም ብድሩን ፈቀደልንና በወሩ የመጨረሻ ቀን ባልቴቷ ፊት ፈረምን።

አሁን የምንኖረው እዚያ ቤት ነው። አቧራው እውነት ነው። በየቀኑ በቢሮው በር እናልፋለን፤ ጥበቃው ባለቤቴን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። የባንኩ ክፍያ ስላለብን ኮንትራት ቀርቶ በመስመር ባጃጅ እየተጋፋን ነው የምንሄደው። ሐይቁ ናፍቆኛል፤ ግን ከኩራቴ የተነሳ ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው እሑድ ከቸርች ስንወጣ ባለቤቴ ባጃጅ አስቆመ። «ኮንትራት ነው» አለው ሾፌሩን። «በሐይቁ በኩል አዙረን።»

ዞሬ አየሁት። «ዛሬ ደግሞ ከማን ነው የምትሸሸው?»

«ከማንም አልሸሽም» አለኝ። «ግቢ።»