ሬይኖ የሰጡት ጫካ

ሬይኖ ካንጋስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በከተማችን ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ «ጫካውን የሰጡት ሰውዬ» ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ሳመላልስላቸው ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ደግሞ የብስክሌት መንገድ ከሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ጋር ተቀላቀልኩ። ስለዚህ ስለ እሳቸው ላውራ ብል አያስወቅሰኝም።

ባለቤታቸው ኤልማ ካረፉ ወዲህ ያ ቤት ጭር አለ። ልጅ አልወለዱም። ሬይኖ ከተማ የሚወርዱት ለዳቦና ለመድኃኒት ብቻ ነው፤ ወደ እሳቸው የሚወጣ ደግሞ የለም። እኔም ብሆን ጡረታ ወጥቼ የፖስታ ከረጢቱን ካስረከብኩ በኋላ እግሬን ሰብስቤ ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ ማኅበራችን ዶማና መጋዝ ለመግዛት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ፓስቲ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ቂጣ ሲሸጥ፣ ሬይኖ በረዶውን ከልብሳቸው እያራገፉ ገቡ። አንዱን ፓስቲ ቀስ ብለው ጨረሱና ሊቀ መንበራችንን ሎርንን ጠርተው ሰማንያ ኤከር ጫካቸውን ለማኅበሩ እንደሚሰጡ ነገሩት። ዛፉ አይሸጥ፣ ቤት አይሠራበት፣ አውሬውም ሰውም ይለፍበት አሉ። ለራሳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንገዱ በበረንዳቸው ፊት እንዲያልፍ። ሰው ሲያልፍ ለማየት ፈልገው ነው።

«ጋሽ ሬይኖ፣ ጭቃችንን ደረጃዎ ላይ እስክናራግፍ ድረስ እንጠጋለን» አላቸው ሎርን። ሲስቁ ያየኋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

መስመር ማውጣት የኔ ሥራ ነው። አንድ ዶማ ከማረፉ በፊት መንገዱ በሚሄድበት ላይ ትናንሽ ሮዝ ባንዲራዎች እንተክላለን። አፈሩ እስኪቆፈር ድረስ ማንም ሰው ባንዲራ ነቅሎ የተሻለ ነው ባለው ቦታ መትከል ይችላል፤ ስብሰባ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። እኔ በነሐሴ፣ በኛ አገር በበጋው መሆኑ ነው፣ ተከልኩ። የሬይኖ ቤት በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ጎድጓዳው ደርቆ ቅጠል ለብሶ ስለነበር ባንዲራዎቼን በመሃሉ አሳልፌ በረንዳው ሥር አደረስኳቸው። ሬይኖ ያን ሰሞን ለአላፊ አግዳሚው ማረፊያ የሚሆን አዲስ አግዳሚ ወንበር እየላጉ ነበር። ቀና ብለው ባንዲራዎቹን አዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ልንቆፍር ስንደርስ ባንዲራዎቹ በቦታቸው የሉም። ከጎድጓዳው ቀጥሎ ካለው ጉብታ ወዲያ፣ ከቤቱ ጨርሶ በማይታይበት በኩል፣ በአሥር አሥር እርምጃ ተስተካክለው ተተክለዋል። ሎርን የሠራው መስሎኝ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት። እሱ ማለ፣ ተገዘተ። ወደ በረንዳው ስሄድ የሬይኖ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነው።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በዚያ ከሄደ እኮ ከዚህ ሆነው አንድ ሰው አያዩም።»

«እሱን ለኔ ትነግሪኛለሽ? አንቺ የምታውቂው የፖስታ ሳጥኔን ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ያ ጎድጓዳ ውሃ ይሞላል። እንቁራሪቶቹ እዚያ ነው እንቁላል የሚጥሉት። ኤልማ የመኪናውን መንገድ ሲሻገሩ እንዳይዳጡ በዝናብ እየወጣች፣ በባልዲ እየለቀመች ታመጣቸው ነበር። እኔ እስቅባት ነበር። አሁን እሷ ስትሞት ጎማ ላስነዳባቸው?»

በነሐሴ ደረቅ ጎድጓዳ ማመን ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሠራሁት። የእንጨት ድልድይ እንሥራበት አልኳቸው። ለድልድዩ ብላችሁ ትረግጡታላችሁ አሉ። ተመለስኩና እሳቸው በተከሉት መስመር ቆፈርን።

መንገዱ ተወደደ፤ ከሩቅ ከተማ ሁሉ እየመጡ ይነዱበታል። መግቢያው ላይ የሬይኖ ስም በሰሌዳ ተጽፏል። በኛ አገር መንገድ በስሙ የሚሰየምለት የሞተ ሰው ስለሆነ፣ አንዱ ወጣት ሰውዬው መቼ እንዳረፉ ጠየቀኝ። በሕይወት አሉ፣ ከጉብታው ማዶ ነው ቤታቸው አልኩት። ደስ ይላል ብሎኝ ነድቶ ሄደ።

ቆፍረን እንደጨረስን ሬይኖ አንድ ነገር ለምነውኝ ነበር። ከጉብታው ጀርባ ያለ ዛፍ ላይ ለብስክሌተኞቹ «ደወል ይደወል» የሚል ሰሌዳ እንድሰቅል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ የምንሰቅለው ፊት ለፊት የሚመጣው በማይታይበት ጠመዝማዛ ላይ ነው፤ እዚያ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሎርን ሰው ይስቅብናል ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ ነጂዎቹ ለዛፎቹ ነው ወይ የምንደውለው እያሉ ይቀልዳሉ። ቢሆንም ይደውላሉ።

ባለፈው ግንቦት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ጆሯቸውን ወደ ጉብታው ጥለው ስለነበር መምጣቴን አልሰሙም። ልጠራቸው ስል ከጉብታው ወዲያ የብስክሌት ደወል አቃጨለ።

ሬይኖ ቀና አሉ።

«ግቡ» አሉ፣ የበር ደወል ደውሎ ደጃፍ ለቆመ ሰው በሚሉበት ድምፅ።

ሌላ ደወል ተከተለ። ይሄኛው ራቅ ያለ ነበር።

«ግቡ፣ ክፍት ነው።»