ቡርግል ፈጣኑ ወንበር ላይ የወጣች ዕለት

በዚያች የኦስትሪያ ቲሮል ተራራማ መንደር ቡርግልን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋ ወደ ሰባ ቢጠጋም ጉንጯ እንደቀላ፣ ምላሷም እንደሰላ ነው። ቤቷ ሰው ጭኖ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ ከሚወጣው ወንበር ሥር ስለሆነ ስኪ ተንሸራታቹ ሁሉ በጣሪያዋ ላይ ነው የሚያልፈው። እሷ ግን ፈጣኑ ወንበር ከተተከለ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችበትም። ሁለት ሰው ይዞ እየተንገጫገጨ የሚያዘግመውን አሮጌውን ትወደው ነበር። አዲሱ ስድስት ሰው አፍሶ ሽው ሲል ስታይ አማትባ ቤቷ ትገባለች። በዚህ የተነሳ ተራራው አናት ላይ ባለው ማረፊያ ቤት ውስጥ ምግብ የምታበስለውን እህቷን ክሬሴንስን ክረምቱን ሙሉ ሳታያት በረዶው ይቀልጣል።

ባለፈው የካቲት ክሬሴንስ ወገቧን ያዛት። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ዕቃ የሚያመላልሰው የበረዶ መኪናም ተበላሽቷል። እህቷ ጋ ደውላ ድረሺልኝ አለቻት። ቡርግል የደረቀ ዳቦ በወተትና በእንቁላል ለወሰች፤ የተጨሰ ሥጋ ከትፋ ጨመረችበት። እየተድቦለቦለ በመረቅ የሚቀቀለውን የክኖድል ሊጥ በትልቅ ድስት ሞልታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ወደ ጣቢያው ወጣች።

ወንበሩ ላይ ሰው የሚያሳፍረው የሟች ባሏ ወንድም ሎይስ ነው። ሲያያት ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ድስቱ ቲኬት አለው?» አላት።

«ድስቱ ካንተ ይሻላል፤ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።»

ተራዋ ሲደርስ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሎይስ ይህን አይቶ ቀልዱን ተወና፣ ወንበሩ ጣቢያ ሲገባ ከገመዱ ተላቆ ቀስ እንደሚል ነገራት። እውነትም እንደ ጨዋ ላም ዝግ ብሎ መጥቶ አስቀመጣት። አጠገቧ ከሃምቡርግ የመጣ፣ አዲስ የስኪ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰው ተቀመጠ፤ ስሙ ዴትሌፍሰን ነው።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ በረታና ወንበሩ ቀጥ አለ። ሰውዬው አመድ መሰለ።

«ወይዘሮ፣ ገመዱ የሚበጠስ ይመስልዎታል?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

ቡርግልም ፈርታ ነበር፤ ሆኖም ከሷ የባሰ ፈሪ ስታይ ድፍረት መጣላት። ከነፋስ የሚከልለውን መሸፈኛ ወደ ታች ሳበችና፣ «እዚህ ከፍታ ላይ አንቱታ የለም፤ አንቺ በለኝ። ጓንትህን አውልቅ» አለችው።

«ምን ልሠራ?»

«ልታድቦለብል ነዋ።»

እጁን በጨርቁ ጠርጋ ሊጥ አስጨበጠችው። የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ሆነ፤ ሁለተኛው ጭራ አወጣ። እሷ ስትስቅ እሱ ተናደደ፤ ሲናደድ ወደ ታች ማየቱን ረሳ። ገመዱ እንደገና ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ልብ ያሉት ዘግይተው ነው፤ ስለ ክኖድል መጠን ይከራከሩ ነበር።

ላይ ሲደርሱ ዴትሌፍሰን ስኪውን በር ላይ አቁሞ ድስቱን ተሸክሞ ገባ። ክሬሴንስ ወገቧን በሱፍ ሻርፕ አስራ፣ ወንበር ላይ ሆና ታዛቸው ጀመር። የዴትሌፍሰን ሚስት የት ጠፋህ ብላ ስትደውል ሥራ ላይ ነኝ አላት። አንዱ እንግዳ ጭራ ያለውን ክኖድል በሹካ አንስቶ ሲገረም፣ ዴትሌፍሰን «የኔ ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ከዚያ ወዲህ ቡርግል ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች። እህትማማቾቹ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ በረንዳው ይሰማል፤ እንግዳውም እየሳቀ ይበላል።