ከአፍ ከወጣ
አጫዋቻችንን ዛሬም አልወደውም። ቡሬ ውስጥ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ካየሁት ፊቴን አዞራለሁ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት እሱ በተከራያት ክፍል አራት ሆነን እንጫወት ነበር። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ሃያ ገጽ ያለው፣ የሚሆነውን ለመወሰን የሚጣል ዳይስ ነው። አጫዋቹ ዘንዶና ንጉሥ ያለበትን ዓለም ይተርካል፤ እኛ በየፈጠርነው ሰው አፍ እንናገራለን። አንደኛው ልጅ ንጉሡን ይሰድብና ሊታሰር ሲል «ኧረ ስቀልድ ነው!» እያለ አስመረረኝ። ስለዚህ የቤቱን ሕግ እኔው በማርከር ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ፦ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እዚህ የተባለ ሁሉ ሆኗል።» በሁለተኛው ሳምንት ቀልደኛው እንደለመደው ተሳድቦ የፈጠረው ሰው ሲሰቀልበት ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

አራተኛዋ ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር የመጣች የግቢ ጓደኛዬ ነበረች። ቤታቸው አገውኛም አማርኛም ይነገራል፤ እሷ ግን በሁለቱም ዝም ነው የምትለው። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ አቤት የምትለው በሹክሹክታ ነው። ጨዋታው ላይ ግን እኔ የፈጠርሁት ሰው እህት የሆነች ጦረኛ ፈጥራ ንጉሥ ፊት ቆማ ትጮህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴት ወረቀቷ ላይ እየፋቀች እየጻፈች አሳደገቻት። እሑድን የምትጠብቀው ለእሷ ነበር።

አንድ ቀን የቤተ መንግሥቱ በረኛ አስቆመን። የንጉሡን ማኅተም ሰርቄ ይዣለሁ።

«ማኅተሙን አልወሰዳችሁም?» አለ አጫዋቹ በበረኛው ድምፅ።

«እህቴ ትሙት አልወሰድንም!» አልሁ፤ ሰው እንደሚምለው።

ዳይሱን እንኳ አላነሳም። «በውሸት ምለሃል። እህትህ ወደቀች፤ ሞተች።»

ጮኽሁ። «መሐላ እኮ ነው! ትሙት ማለት ትሙት ማለት ነው እንዴ? አንተ የሰው አገር ሰው ነህ?»

በእርሳሱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ጽሕፈቱ የማን ነው?» አለኝ፤ በዚያ በማልወደው ፈገግታው። ቀልደኛው ደግሞ «በሰፈሩት ቁና…» ብሎ ጀመረና ሳቀ። ሁለቱንም በጥፊ ባልኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

እንድታግዘኝ ወደ እሷ ዞርሁ። ወረቀቷን አራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«እሱ ምን አደረገ?» አለችኝ፤ ንጉሥ ፊት በምትጮህበት ድምፅ። «እኔ ልሙት ማለት አቃተህ?»

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ግቢ ስንገናኝ ሰላምታዋን በሹክሹክታ ትሰጠኛለች። ያን ድምፅ ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም።