«ሲስተም የለም»

የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የካ ውስጥ ላለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ብዬ፣ የመታወቂያ ማደሻ ሲስተም በበጎ ፈቃድ ሠራሁ። ሰሞኑን ታዲያ የራሴን መታወቂያ ላሳድስ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ።

አጎንብሼ አየሁ። ኮምፒውተሩ አልተከፈተም!

«እህቴ፣ ኮምፒውተሩን እኮ አልከፈትሽውም» አልኳት በዝግታ።

«ሥራዬን አታስተምረኝ። ነገ ተመለስ!»

ከኋላዬ ከእንጦጦ በእግራቸው የወረዱ እናት «ሁልጊዜ ነገ ነው፣ ልጄ። ሆስፒታል ያለ መታወቂያ አናክምም ብለውኛል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። መስኮቱን ደብድቤ «ኃላፊውን ጥሩልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ኃላፊው ወጡ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። አሁንስ አንጀቴን ሊያርሱልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«ሲስተሙን የሠራው ይሄ ልጅ ነው። ቅሬታ ያለው እሱን ያናግር!» ብለው ተመልሰው ገቡ።

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኚያ እናት ምርኩዛቸውን አነሱ።

«አንተ ነህ ለካ!»